ፔርሙዝ ሙሉ ናይትሮጅን

አባቴ ለቆቦ ሰው ሁሉ ሐኪም መሆኔን እንደነገረ ያወቅሁት ከውጭ በመጣሁ ማግስት ነው። ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ስወጣ በረንዳችን ላይ ሁለት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው አገኘሁ። የእናቴ እንግዶች መስለውኝ ሰላም አልኳቸው። ሽማግሌው እጄን ሳይለቁ በሌላ እጃቸው ሽርጣቸውን ሰብስበው ጉልበታቸውን አሳዩኝ።

"ይኸ ነው" አሉኝ። "ደመና ሲሆን ይብሳል።"

አየሁት። ያበጠ ጉልበት ነበር።

"አባባ፣ እኔ የዚህ ሐኪም አይደለሁም።"

"የምን ነሽ ታዲያ?"

ከየት እንደምጀምር ሳሰላስል፣ "የዓይን ትሆናለች" አለች አንደኛዋ ሴት ለሌላዋ፣ ቅር እያላት። እሷ የመጣችው ለጆሮዋ ነበር።

አባቴ አልዋሸም። ትምህርቴን የጨረስኩ ዕለት ደውዬ "አባ፣ ዶክተር ሆንኩ" ብዬዋለሁ። "አልሃምዱሊላህ" አለኝና ወደ መስጊድ ሄዶ የሰማውን ተናገረ። ከዚያ በኋላ በስልክ የምናወራው ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብና ስለ ከብት ነበር። እሱ የሥራዬን ዝርዝር አልጠየቀኝም፤ እኔም ሰው ሳይጠይቀኝ ስለ ሥራዬ ማውራት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ጠይቀውኝ ከነገርኳቸው ሰዎች መካከልም ሁለተኛ የጠየቀኝ ጥቂት ነው።

ለሽማግሌው ባጃጅ ጠርቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ወረፋ ይዘን ተቀመጥን። ተራችን ደርሶ ስንገባ ለወጣቱ ጤና መኮንን "ዶክተር ናት ያመጣችኝ" አሉት። ብድግ ብሎ ወንበሩን ሰጠኝና ምን እንደማስብ ጠየቀኝ። ምንም እንደማላስብ ነገርኩት። ይህን እንደ ትሕትና ቆጠረው።

ከሰዓት አባቴን ከላሟ በረት አጠገብ፣ ከግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ክረምት ሊገባ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነበር። በራያ ቆላ ይህ ወቅት ሰውም ከብትም ጥላ ፍለጋ የሚሻማበት ነው።

"አባ፣ ሰው ሐኪም ነሽ እያለ እየመጣ ነው።"

"አይደለሽም?"

"አይደለሁም።"

ትንሽ አሰበ። "መቼ ተውሽው?"

"ጀምሬው አላውቅም።"

"ታዲያ ይኸን ሁሉ ዓመት ምን ስትሠሪ ነው የኖርሽው?"

"ማግኔት ነው የምሠራው።"

"ማግኔት ይሠራል እንዴ?"

እንደሚሠራ ነገርኩት። ሽቦ ተጠምጥሞ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ማግኔት እንደሚሆን፣ ተራ ሽቦ ግን ብዙ ኤሌክትሪክ ሲጫንበት እንደሚግልና ጉልበቱ በሙቀት እንደሚባክን አስረዳሁት። እኛ የምንጠመጥመው እንደ ካሴት ክር ስስ የሆነ፣ ከጥፍር ብዙም የማይሰፋ ጥብጣብ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪኩን ያለ ምንም ብክነት ያሳልፋል፤ ሱፐርኮንዳክተር ይባላል አልኩት። ይህን ሁሉ በጥሞና አዳመጠኝ። ከዚያ የሙያውን ሙሉ ስም ጠየቀኝ። እዚህ ላይ ብተወው ይሻለኝ ነበር፤ ነገር ግን ጠየቀኝ፣ እኔም ነገርኩት።

"የከፍተኛ ሙቀት ሱፐርኮንዳክተር።"

"ምን ያህል ይሞቃል?"

"ከዜሮ በታች ሁለት መቶ ዲግሪ ገደማ።"

"ከዜሮ በታች?"

"አዎ። የድሮዎቹ ከዚያ በጣም የባሰ ብርድ ስለሚፈልጉ ነው፣ ይኸ ከነሱ አንጻር ሙቅ ነው።"

አባቴ በፎጣው አንገቱን ጠረገ፤ ከዚያ ግንባሩን። "ይኸን እኔ መስጊድ ውስጥ እንዴት አድርጌ እናገራለሁ?" አለኝ።

ያን ሰሞን እኔ ራሴ ስለ ሙያዬ ብዙ የምናገርበት ሁኔታ ላይ አልነበርኩም። ከተመረቅሁ ጀምሮ በሦስት አገር፣ በየሁለት ዓመቱ በሚታደስ ወይም በማይታደስ ውል ስሠራ ነው የኖርኩት። በዚህ ሙያ ያለ ሰው በአንዱ አገር የአውቶቡስ መስመሮችን ለይቶ ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይሄዳል። የመጨረሻው ሥራዬ አንድ ማግኔት ነበር። ጥብጣቡ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ቢሞቅ፣ ሙቀቱ ተስፋፍቶ ጠቅላላውን ከማቃጠሉ በፊት አውቆ ኤሌክትሪኩ እንዲቋረጥ የሚያዝ መሣሪያ እንዲኖረው ነው የተፈለገው። መሣሪያውን የሠራሁት እኔ ነኝ። በሙከራው ቀን መሣሪያው ሙቀቱን በትክክል አወቀ። ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው ማብሪያ ማጥፊያ ግን፣ እሱ የሌላ ክፍል ሥራ ነበር፣ ትእዛዙን ዘግይቶ ሰማ። ማግኔቱ ጠ የሚል ድምፅ አሰማ፤ ሌላ ነገር የለም። ስንከፍተው መሐሉ ከስሏል። አለቃዬ ወደ ውስጥ አጎንብሶ አየና "መረጃው ግን በጣም ጥሩ ነው" አለ። ውሉ አልታደሰም። ሁለት ቦታ አመልክቼ መልስ እየጠበቅሁ ሳለ ነው ቤተሰቦቼን ልይ ብዬ የመጣሁት።

ይህንንም ለአባቴ ነገርኩት።

"ስንት ዓመት ፈጀብሽ?"

"ወደ አራት።"

"እኔ በአንድ ክረምት ያለኝን ማሽላ በሙሉ ጎርፍ ወስዶብኝ ያውቃል" አለ። "አንቺ ሕፃን ነበርሽ።"

"ምን አደረግህ?"

"ውኃው ሲሸሽ ዘራሁ። ምን አደርጋለሁ ሌላ?"

ቀጥሎም "ሥራሽ የሚታይ ነገር የለውም ወይ?" አለኝ። "ለሰው የሚታይ ነገር ቢኖር ይሻል ነበር።"

የሚታይ ነገር ነበረኝ። ሻንጣዬ ውስጥ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያክል ጥቁር የሱፐርኮንዳክተር ቁራጭና አንዲት ትንሽ ማግኔት ይዤ እዞራለሁ፤ ትምህርት ቤት ስጋበዝ ለተማሪዎች የማሳየው ነው። ቁራጩ በደንብ ሲቀዘቅዝ ማግኔቷ ከላዩ አየር ላይ ትቆማለች። ግን ፈሳሽ ናይትሮጅን ያስፈልጋል፤ ቆቦ ውስጥ ደግሞ ይህ የማይታሰብ ነው አልኩት።

"ምን ይመስላል?"

"ውኃ ይመስላል። በጣም ቀዝቃዛ ነው፣ ክዳኑ ሲከፈት ይጨሳል።"

"የኮርማው ዘር የሚቀመጥበት ነዋ።"

አባቴ ልክ ነበር። ላሞች ከውጭ ዝርያ ጋር የሚዳቀሉት በዚሁ በናይትሮጅን ቀዝቅዞ በሚመጣ የኮርማ ዘር ነው። ብዙ ዓመት በናይትሮጅን ስሠራ አንድም ቀን ስለ ላም አስቤ አላውቅም።

በማግስቱ አባቴ ላሞችን በዚህ ዘር ወደሚያዳቅለው ባለሙያ፣ ወደ አዳቃዩ፣ ወሰደኝ። አዳቃዩ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ቀጭን፣ በሞተር ሳይክል ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞር ሰው ነው። ገበሬው እሱንም "ዶክተር" ይለዋል። አባቴ "ዶክተር፣ ዶክተር ናት" ብሎ አስተዋወቀን።

የፈለግሁትን ነገርኩት። አዳቃዩ ጥግ ላይ ወዳለው ታንክ ሄደ። ታንኩ ትልቅ የወተት ማጠራቀሚያ ይመስላል። ክዳኑን አንስቶ አንድ ጥቁር ዘንግ ሰደደበትና አወጣው። ዘንጉ ላይ ነጭ አመዳይ ያዘ። አመዳዩ የያዘው የዘንጉ ጫፍ ጣት የማይሞላ ነበር።

"ይመልከቱ" አለኝ። "የቀረው ይኸ ነው። ናይትሮጅን የሚያመጣው መኪና መንገድ ተዘግቶበት ደሴ ቆሟል። ይኸ ከዚህ ከወረደ ውስጥ ያለው ዘር በሙሉ ይሞታል። እርስዎ ምን ያህል ነው የሚፈልጉት?"

"አንድ ሊትር።"

"ለምንድን ነው ያሉኝ?"

"ማግኔት አየር ላይ ለማቆም።"

አዳቃዩ ዘንጉን በጨርቅ ጠረገ። "ላም ደግሞ ኮርማ ስትፈልግ ቀን አትሰጥም" አለ በዝግታ። "ማግኔቱ ይጠብቃል?"

እንደሚጠብቅ ነገርኩት። አባቴም ራሱን ነቀነቀ፤ የእሱም ላም ተራ እየጠበቀች ነበር።

በዚያ ሳምንት ካመለከትኩባቸው ቦታዎች ከአንዱ መልስ መጣ። ማመልከቻዬን በአድናቆት እንዳነበቡትና ሌላ ሰው እንደቀጠሩ ይገልጻል። ሁለተኛው ቦታ ለቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ቤታችን ኔትወርክ ደካማ ስለሆነ፣ መብራትም አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቀን ስለሚቀር፣ አስፋልቱ ዳር ያለ ጀነሬተር ያለው ሆቴል አንድ ክፍል ለመንኩ። ባለቤቲቱ የእናቴ የልጅነት ጓደኛ ናት። ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ለሥራ እንደሚፈትኑኝ ነገርኳት። ኮሪደሩ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠችና የሚያልፈውን ሁሉ "ዝም በሉ፣ ዶክተሯ ሰው እያከመች ነው" ትል ጀመር። ሁሉም ይሰማኛል።

ፈታኞቹ አራት ነበሩ። ስለተቃጠለው ማግኔት ጠየቁኝ፤ የሆነውን እንዳለ ነገርኳቸው። ስለ ጥብጣቡ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። በመጨረሻ አንዲት ሴት ፈገግ ብላ ከአምስት ዓመት በኋላ ራሴን የት እንደማይ ጠየቀችኝ። አፌን ልከፍት ስል ጀነሬተሩ ጠፋ።

ጨለማ አልነበረም፣ እኩለ ቀን ነው። ኮምፒውተሬም ባትሪ አለው። የሄደው ኢንተርኔቱ ነው። አራቱም ስክሪኑ ላይ ደርቀው ቀሩ፤ ሴትዮዋ ፈገግ እንዳለች። ባለቤቲቱ ናፍጣ አምጡ እያለች ስትጣራ፣ አንድ ሰው ጀሪካን ይዞ ሲሮጥ በመስኮት አየሁ። ጀነሬተሩ ተነሥቶ መስመሩ ሲመለስ ያሰብኩት መልስ ከአእምሮዬ ጠፍቶ ነበር።

"አላውቅም" አልኳቸው። "ማግኔት እየጠመጠምኩ ይመስለኛል።"

አራቱም ጻፉት። አመስግነው ተሰናበቱኝ። ስወጣ ባለቤቲቱ "ዳነ?" አለችኝ። "ገና አልታወቀም" አልኳት።

የናይትሮጅኑ መኪና የመጣው የገበያ ዕለት ነው። አዳቃዩ ራሱ ደወለልኝ። ስደርስ ታንኩን ሞልቶ፣ ለመስክ የሚይዛትን ትንሿንም ሞልቶ፣ አሮጌው ማመላለሻ ዕቃ ውስጥ የተረፈውን ለእኔ አስቀምጦልኛል። ከቤት ትልቁን የሻይ ፔርሙዝ ይዤ ሄጄ ነበር። ቀስ አድርጎ ቀዳው። ፔርሙዙ ጉሮሮው ላይ እያጉረመረመ ነጭ ጭስ ተፋ። ክዳኑን ልገጥምበት ሳነሣ ሁለታችንም እኩል "እንዳይጠብቅ" አልን። ናይትሮጅን በታፈነ ዕቃ ውስጥ ሲተን ዕቃውን ያፈነዳዋል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ቆቦ ውስጥ ከእኔ ሌላ መኖሩ ደስ አለኝ። እሱም ደስ ያለው ይመስለኛል፤ ከዚያ ወዲህ "እርስዎ" ማለቱን ትቶ "እህቴ" አለኝ።

በዚያው ቀን ጠዋት የአባቴ ላም ኮርማ ስትፈልግ ታይታ ኖሮ አዳቃዩም ወደ እኛው ቤት መምጣቱ ነበር። እሱ በሞተር ሳይክሉ ፊት ፊት፣ እኔ የሚጨስ ፔርሙዝ ታቅፌ በባጃጅ ከኋላ፣ በገበያው መሐል አለፍን። ባጃጅ ነጂው በመስታወቱ ሁለት ሦስት ጊዜ አየኝ።

"ሻዩ አልበዛበትም ሙቀቱ?" አለኝ።

"ቀዝቃዛ ነው።"

"ይጨሳል እኮ።"

"ከቅዝቃዜው ነው።"

ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም። ግን ሲያወርደኝ ባጃጁን አቁሞ ተከተለኝ።

ግቢያችን ውስጥ ሰው ተሰብስቧል። አባቴ ከመስጊድ የሚያውቃቸውን ሰዎች ጠርቷል፤ እናቴ ጎረቤቶቿን፣ ክርስቲያኑንም እስላሙንም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌም አሉ። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ የቤተሰቡ ትልቅ ሰው፣ በክብር መሐል ላይ ተቀምጠዋል። አዳቃዩ መጀመሪያ የላሟን ሥራ ሠራ። እኔ ጅራቷን ያዝኩለት፤ ቅርብ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ በጸጥታ ተመለከተ። ሲጨርስ እጁን ታጥቦ ከሰዉ ጋር ተቀመጠ።

የእኔ ተራ ሆነ። ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣ ነጭ ስፖንጅ ፈልፍዬ ቁራጩን አስቀመጥኩበትና ናይትሮጅኑን አፈሰስኩበት። ፈሳሹ ፈላ፣ ጭሱ መሬት መሬቱን ሄደ፤ ከፊት የነበሩት እግራቸውን ሰበሰቡ። ፍላቱ ሲረጋ ማግኔቷን በእንጨት መቆንጠጫ ይዤ ከላዩ አስቀመጥኳትና ለቀቅኳት። ቆመች። ከቁራጩ በላይ፣ ምንም ሳይነካት። በጣቴ ገፋ ሳደርጋት እዚያው ቦታዋ ላይ ዞረች።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቀረብ አሉ። አጎነበሱና ጥርት ባለ ድምፅ "ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም" አሉባት። ማግኔቷ መዞሯን ቀጠለች።

ትንሽ ጠበቁ። "የጂን ሥራ ቢሆን አሁን ይወድቅ ነበር" አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። ግቢው ውስጥ የነበረው ትንፋሽ ተለቀቀ።

ከዚያ አባቴ መጣ። ቁጢጥ ብሎ ከመሬት አንድ የማሽላ አገዳ ስንጣሪ አነሣ፤ በማግኔቷና በቁራጩ መሐል አሳልፎ በሌላው በኩል አወጣው። መልሶ አሳለፈው። የተደበቀ ክር ይፈልግ እንደነበር ገባኝ።

"ምንድን ነው ያቆማት?" አለኝ፤ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

"የማግኔቷ ጉልበት ቁራጩ ውስጥ ይያዛል። ተይዞ ስለሚቀር ወደ ታችም ወደ ጎንም መሄድ አትችልም።"

"ይዟት ነው።"

"አዎ፣ ይዟት ነው።"

ሌላ ብዙ ጊዜ ይህን ነገር ለብዙ ሰው አሳይቻለሁ። አብዛኛው ሰው አንድ ጊዜ አይቶ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። አባቴ ስልክ አላወጣም። ናይትሮጅኑ እስኪያልቅ ድረስ ከዚያች ነገር ዓይኑን አላነሣም። በመጨረሻ ማግኔቷ ቀስ እያለች ዝቅ ብላ ቁራጩ ላይ ስትቀመጥ፣ "ሞቀ?" አለኝ።

"ሞቀ።"

"የተቃጠለብሽ እንዲህ ያለው ነው?"

"እሱ ከዚህ በጣም ይበልጣል። ሰው ያክላል።"

ራሱን ነቀነቀ። እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ፣ እኔን ተደግፎ ተነሣ። አባቴ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለም፤ ሌላ ጊዜ የሚነሣው መሬቱን ተደግፎ ነው። ስፖንጁን አራገፍኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጆሮውን ወይም ጉልበቱን ይዞ የመጣ ሰው የለም። በሦስተኛው ቀን ግን ከዋጃ አቅጣጫ አንድ ሰው ጊደር እየነዳ በራችን ላይ ቆመ። ቀጥሎ ከጎብዬ ስልክ ተደወለ። የገበያ ቀን ከአዳቃዩ ኋላ ናይትሮጅን ታቅፌ ስሄድ ሰው ሁሉ አይቷል፤ ጅራት ስይዝም ያየ አይቷል። አባቴ ከጁምዓ ሲመለስ ፊቱ ቅጭም ብሎ ነበር።

"ነገርኳቸው" አለ። "የሰው ሐኪም አይደለችም፣ ሥራዋ ከቀዝቃዛ ነገር ጋር ነው፣ ማግኔት ነው አልኳቸው።"

"ምን አሉ?"

"ገብቶናል፣ የላም ናት አሉ።"

እናቴ ከውስጥ ሳቋ ተሰማ። አባቴ አልሳቀም። ጫማውን አውልቆ ተቀመጠና "እኔ እስኪገባቸው እነግራቸዋለሁ" አለ። ጊደሯን የነዳውን ሰው ለአዳቃዩ አስረከብኩት። አዳቃዩ በበኩሉ ሥራ እንዳበዛሁበት ነገረኝ፤ ያለኝ ግን በወቀሳ አልነበረም።

ልሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረኝ የሥራው መልስ መጣ። ተቀጥረሻል ይላል፤ ውሉም ቋሚ ነው። ይህች ቃል በእኛ ሙያ ብዙ ጊዜ ስለማትታይ ደብዳቤውን ደግሜ አነበብኩት። የፈታኞቹ ሰብሳቢ ከታች አንድ መስመር ጨምሮ ነበር፤ ስለ አምስት ዓመቱ ስጠየቅ ለመመለስ አለመቸኮሌን፣ ረጅም ጊዜ ወስጄ በጸጥታ ማሰቤን ሁሉም እንደወደዱት ይገልጻል። ስለ ናፍጣው እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

ለአባቴ ስነግረው "ቋሚ ማለት ስንት ዓመት ነው?" አለኝ።

"ዓመት የለውም።"

"እሱማ እንደኛ ነው" አለ። ደስ ማለቱን ያወቅሁት ከሰዓት መስጊድ ያለ ወትሮው ቀደም ብሎ ሲሄድ ነው።

አሁን አዲሱ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነኝ። አዲስ ማግኔት እየጠመጠምኩ ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያውንም የምሠራው እኔው ነኝ፣ ይህን በቅጥሩ ጊዜ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ጥብጣቡ ስስ ስለሆነ ቀስ ተብሎ ነው የሚጠመጠመው፤ የተጣመመ አንድ ዙር ካለ ይፈታና እንደገና ይጀመራል። አባቴ ዓርብ ዓርብ ከሶላት በኋላ ይደውላል። የእናቴን ደህንነት፣ የዝናቡን ነገር ይነግረኝና ከዚያ ወደ ሥራዬ ነገር ይገባል።

"ጠመጠምሽ?" ይለኛል።

"ጠመጠምኩ።"

"ኤሌክትሪክ ለቀቃችሁበት?"

"ገና ነው፣ አባ። የሚቀር አለው።"

"አትቸኩሉ" ይላል። ከበስተኋላው የሰዎች ድምፅ ይሰማኛል። ስልኩን ከጆሮው ራቅ አድርጎ "ገና ነው ትላለች" ብሎ ያስረዳቸዋል።